ሰሊጥ ወንበር አይይዝም

ጋሼ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ለስልጠና አዲስ አበባ በከረምኩበት ሳምንት ነው። የደወለልኝ መተማ ዮሐንስ ሳለሁ የማውቀው ነጋዴ ነበር። «መምህር፣ ሰማህ? ጋሼ ይርጋ አረፉ» አለኝ። ነፍስ ይማር ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝና «ወዲያኛው በር ላይ ስንት ጠየቋቸው ይሆን?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው አፈረ። እኔም መሳቄ እንዳይሰማው ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

ሰው ሞተ ሲባል መሳቅ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ጋሼ ይርጋን አንስቶ ሳይስቁ መቆየት ለመተማ ሰው ይከብዳል። ሃያ ምናምን ዓመት ኬላው ላይ ቆመው ቀርጠውናል፤ ሳቁ ተመላሻችን ነው።

የጉምሩክ ሰው ነበሩ። ከሱዳኗ ገላባት በኩል ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ የሚገባ ሁሉ በእሳቸው ፊት ያልፋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳ የሸሚዛቸውን የመጨረሻ ቁልፍ የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ዕቃ ሲገምቱ አያገላብጡም፤ ሚዛንም አይወዱም። አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል ያደርጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ያያሉ። የጨፈኗት ዓይን ስትከፈት ዋጋው ተቆርጧል። «ጋሼ፣ ኧረ በዛ!» ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ምን አገባኝ? ከላይ የመጣ ነው» ይሉታል። ከላይ ማለት ጎንደር ይሁን አዲስ አበባ ወይስ ሰማይ ቤት፣ ጠይቆ የተረዳ የለም። አንድ የሕግ ተማሪ «መመሪያውን ያሳዩኝ» ብሏቸው ነበር ይባላል። ሻንጣው እስኪመሽ ሲገመት ዋለ።

ጉቦ አይቀበሉም። ይህን የምለው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ተጨማሪ በደል ነበር። ጉቦ የሚበላ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ጠግቦ ያሳልፍሃል። ጋሼ ይርጋ ግን በባዶ ሆድ ነው የሚቀርጡት።

አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበራቸው። «የሚገባ ነገር ይከፍላል፤ የሚወጣ ነገር በሰላም ይሂድ» ይላሉ። አገር ከወጪ ንግድ ዶላር ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ሱዳን የሚያልፍ መኪና ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ታቦት ይሸኙታል። መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ካለፈ በኋላ፣ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሳሙና ይዛ የምትመጣ ሴት ትታያቸዋለች። ያኔ አንገታቸው ዘንበል ይላል።

ደግሞ ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ ሰው የለበሰው ልብስ አይቀረጥም። ይህን ያወቀ ሕዝብ ምን ያደርጋል? ከገላባት ገበያ ሲመለስ ወፍሮ ይመለሳል። ጧት ሸንበቆ መስላ የሄደች ሴት ከሰዓት በኋላ ከበርሜል አትተናነስም። ወንዶቹም በዚያ ሐሩር ጀላቢያ ላይ ኮት፣ ኮት ላይ ካፖርት ደርበው፣ ብርድ እንደያዘው ሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ያልፋሉ። ጋሼ ይርጋ ሕጋቸውን አልሻሩም። ጨዋታ ጀመሩ እንጂ።

አስካለ የምትባል ነጋዴ አምስት የሱዳን ቶብ በላይ በላዩ ተጠቅልላ የመጣችበትን ቀን አልረሳም። ቶብ እነዚያ የሱዳን ሴቶች ከራሳቸው እስከ እግራቸው የሚጠቀለሉበት ረዥም ጨርቅ ነው። ጋሼ ይርጋ ጥላው ስር ተቀምጠው፣ እሷን ፀሐዩ ላይ አቁመው ያጫውቷት ጀመር።

«አስካለ፣ ለመሆኑ እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ይመስገን፣ ጋሼ።»

«ያ ወገባቸውስ?»

«ተሽሏቸዋል፣ ጋሼ።»

«እሰይ። ላሟስ ወለደች?»

ላሟ እስክትወልድ የመጀመሪያው ቶብ ወለቀ። ጋሼ ይርጋ ተቀብለው አጠፉትና ገመቱት። ስለ ወንድሟ ሰርግ ሲጠይቋት ሁለተኛው ወለቀ። ሦስተኛው ላይ ላቡ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ፣ «ኧረ ጋሼ! ቆዳዬ ላይ ስንደርስ ንገሩኝ!» ብላ ጮኸች። ኬላው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ይርጋ ብቻ አልሳቁም። «ቆዳ ወደ ውጭ ሲሆን ነፃ ነው» አሏት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ቤታቸው በረንዳ ላይ ዳንቴል ይሠራሉ። እኔ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለነበር ሁለቱንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። በመተማ ዮሐንስ ዳንቴላቸው ያልደረሰበት ሶፋና ቴሌቪዥን አልነበረም። መርፌዋን ሳያዩዋት የሚሠሩ ነበር የሚመስለኝ፤ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ቡናውን እየጠበቁ ጣታቸው ይሮጣል። ግን ያያሉ፤ አንዲት ክር ብታመልጥ መሐል ድረስ ይፈቱታል። ቤታቸው ለኬላው ቅርብ ስለሆነ ጋሼ ያስለቀሱት ሁሉ እሳቸው ጋ ቁጭ ብሎ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚሄድ። ጋሼ ይርጋ ማታ ሲገቡ «ዛሬ ደግሞ ማንን አሰጣኸው?» ይሏቸዋል። ጋሼም ጫማቸውን እየፈቱ «የመንግሥትን ነው፣ ሙልዬ፤ የመንግሥትን ነው» ይላሉ። ሙልዬ ሲሏቸው ድምፃቸው ይለሰልሳል። ኬላው ላይ ያንን ድምፅ ማንም ሰምቶት አያውቅም።

አንድ የጥምቀት ሰሞን እትዬ ሙሉ ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ይርጋ፣ በቀኝ ዓይኔ በኩል መጋረጃ እየወረደብኝ ነው» አሉ። ጋሼ መጀመሪያ አቃለሉት። በማግስቱ መጋረጃው እስከ ግማሽ ወረደ። እኔ ፈተና ጨርሼ ስለነበር ተያይዘን በገንዳ ውሃ በኩል ጎንደር ገባን። ዓይናቸውን ያየው ወጣት ሐኪም ፊቱን አልደበቀንም። ከዓይናቸው ጀርባ ያለው የሚያየው ስስ ሽፋን፣ እርጥበት እንደነካው የግድግዳ ቀለም እየተላቀቀ ነው አለን። ቶሎ አዲስ አበባ ደርሰው ከተሠራላቸው ዓይኗ ትተርፋለች። ግን በመኪና እንዳይሄዱ፤ መንገጫገጭ ጨርሶ ይልጠዋል። «በአውሮፕላን፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳትሉ» አለ።

ብር አልቸገራቸውም። ይህ በደንብ ይያዝልኝ። የጡረታ ቤት መሥሪያ ያሉትን ይዘው ነበር የመጡት፤ በውስጥ ኪሳቸው፣ በመርፌ ቁልፍ ተቆልፎ።

ጎንደር ፒያሳ ወደሚገኘው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ሄድን። እትዬ ሙሉ ዓይናቸው ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። «ለነገ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የቀረው፣ አባባ፤ የጥምቀት እንግዶች እየተመለሱ ሞልተውታል» አለችና ዋጋውን ነገረቻቸው። ጋሼ ይርጋ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸው ሲከፈት ግን ምንም ነገር አልተቆረጠም። እዚያ ገማቹ ሌላ ሰው ነበር።

«ዘርዝሪልኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ይሄ የጉዞው ዋጋ ነው። ይሄ የኤርፖርት አገልግሎት። ይሄ የጥበቃ። ይሄኛው ደግሞ የመንግሥት ታክስ ነው።»

«የኤርፖርት አገልግሎት? ገና መች ሄጄ መች ተገለገልኩ?»

«ሲሄዱ ይገለገላሉ፣ አባባ።»

«ከማን ነው የምትጠብቁኝ?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ጋሼ ይርጋ ግን ገና መሞቃቸው ነበር። ክርናቸውን መስኮቷ ላይ አስደገፉና፣ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ እንደሚያሠለጥኑ ሁሉ በእርጋታ ያስረዱ ጀመር። «ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ የሙያው ሰው ነኝ። ቀረጥ የሚጣለው በሚገባ ነገር ነው። እኔ አሁን ከጎንደር እየወጣሁ ነው ወይስ እየገባሁ?»

«እየወጡ ነው።»

«እኮ! የሚወጣ አይቀረጥም። ሰሊጥ እንኳ ሲወጣ ነፃ ነው። እኔ ከሰሊጥ አንሳለሁ?»

«ሰሊጥ ወንበር አይይዝም፣ አባባ» አለች ልጅቷ።

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አስካለ በነበረች ብዬ ተመኘሁ። እትዬ ሙሉ እንኳ በተሸፈነ ዓይናቸው ፈገግ አሉ። ጋሼ ይርጋ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። «ስንመለስስ?» አሉ። ሲመለሱ ከአዲስ አበባ ስለሚነሱ እንደገና ይጨመራል አለቻቸው። «እንዲህ በይኛ! የሚቀረጠው መነሳት ነው!» አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው፣ የተደበቀ ዕቃ እንዳገኘ ሰው። «ሰው በተነሳ ቁጥር ይከፍላል! ተቀምጦ የሚቀር ብቻ ነው ነፃ!»

እውነት ለመናገር የተናገሩት ስህተት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኔም ቲኬት በገዛሁ ቁጥር ዝርዝሩን ማየት ለምጃለሁ። አንዳንዱ ክፍያ የሚቆረጠው በመንገደኛው ራስ እንጂ በመንገዱ ርዝመት አይደለም። ስለዚህ ሩቅ የሚበረውን ባለሀብት ቆንጠጥ ሲያደርገው፣ ከጎንደር አዲስ አበባ የሚሄደውን በሽተኛ ይነክሰዋል። ድሮ ይህ ገንዘብ ኤርፖርቱ ውስጥ በሌላ መስኮት ለብቻው ይከፈል ነበር፤ ሰውም ለብቻው ይራገመው ነበር። በኋላ ቲኬቱ ሆድ ውስጥ ገባና ተደበቀ። አሁን ወሳጁ መንግሥት፣ የሚረገመው አየር መንገድ ሆነዋል። ብልህነት ማለት ይህ ነው። ጋሼ ይርጋ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ አገኙት፤ አምስት ቶብ ከላይ እስከ ታች ተደራርቦ ሲመጣ መለየት የለመደ ዓይን ነው። የቸገረው ነገር፣ ይህ ዓይናቸው ያን ቀን ማየት የነበረበት አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ነበር።

«መመሪያውን አሳዪኝ» አሉ ጋሼ ይርጋ።

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ ምን አገባኝ፣ አባባ? ከላይ የመጣ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጠ ሰው አላየሁም። የራሳቸው ቃል፣ በራሳቸው ቃና፣ ከማያውቋት ልጅ አፍ ወጣ። ስንት ሺህ ሰው ሊጠይቃቸው ፈልጎ ያልደፈረውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ከላይ ማለት ማን ነው?»

«ይርጋ፣ ክፈልና እንሂድ» አሉ እትዬ ሙሉ ከአግዳሚው።

«ሙልዬ፣ ነገሩ የብር አይደለም። የመርህ ነው።»

ኮታቸውን ጎተት አድርጌ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ ዓይናቸው ይቅደም» አልኩ። «መምህር፣ አንተ ልጆችህን አስተምር፤ ይሄ የእኔ ሙያ ነው» አሉኝ። ልጅቷ «ሁለቱን ወንበር ልቁረጠው ወይስ ልልቀቀው?» ብላ ለመነቻቸው። ጥቂት ወንበር ነው የቀረው የሚለውን ወሬ ደግሞ የነጋዴ ብልሃት አድርገው ነበር የወሰዱት። የመተማ ነጋዴ ሁሉ የመጨረሻው ዕቃ ነው እያለ ነው የሚሸጥላቸው። «እኔን በዚህ አታስቸኩዪኝም! አለቃሽ የታለ?» አሉና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ።

እሳቸው ገብተው ሳይወጡ፣ ከኋላችን የቆመ ጥቁር መነጽር ያደረገ የሰሊጥ ባለሀብት ወደ መስኮቷ ቀረበ። ሰርግ ነው የሚሄደው፣ ከሚስቱ ጋር። ስንት ነው ሳይል ከፈለ፣ ዝርዝር ሳይጠይቅ ትኬቱን ኪሱ ከተተ፣ ለእትዬ ሙሉም «እግዜር ይማርዎት፣ እናቴ» ብሎ ወጣ። ጋሼ ይርጋ ሲመለሱ አለቃውም ከላይ የመጣ ነው ብሎ ሸኝቷቸው ነበር። ተናደዋል፤ ሆኖም ተሸንፈው ነው የመጡት። የመርፌ ቁልፋቸውን ፈተው ብሩን አወጡና «እሺ፣ ቁረጪ። እከፍላለሁ» አሉ።

«አባባ፣ አሁን የጠፋው ወንበር ነው» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ እሱ ነው የከፋው።

ወንበር የሚገኘው የጥምቀት እንግዶች ተሸኝተው ካለቁ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ዓይኗ ያንን ያህል አትጠብቅም አለ፤ የቀረው መኪና ብቻ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳቸው። ጋሼ ይርጋ ከኋላቸው ብርድ ልብስ አድርገው፣ የእትዬ ሙሉን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። «እስከ አዲስ አበባ እንደ እንቁላል ይዞኝ ሄደ» አሉኝ እትዬ ሙሉ በኋላ። «ሽንት ቤት እንኳ አልወረደም። ግን ዓባይ በረሃ ላይ እጁ ምን ያድርግ? መንገዱ መንገድ ነው።» እዚያ ያለው ሐኪም መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ወርዷል፣ ዘግይታችኋል አላቸው። ቀኝ ዓይናቸው ጠፋች።

ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ መልአክ ሆኖ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ ጋሼ ይርጋን አያውቃቸውም ማለት ነው። ኬላቸው ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ ቀረጡንም ቀጠሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ማብራሪያው ነበር። ድሮ ቆርጠው ዝም የሚሉት ሰውዬ አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ይዘረዝሩለት ጀመር፤ ይሄ ለዚህ ነው፣ ይሄ ለዚያ ነው፣ ይሄን እኔም አላውቀውም ግን ትከፍለዋለህ እያሉ። ሰልፉ እስከ ድልድዩ ጫፍ ደረሰ። «ጋሼ፣ እንደ ድሮው ዝም ብለው ቅረጡን!» እያለች አስካለ ጮኸች። «ድሮ ከእጃችን ነበር የሚነጥቁን፤ አሁን አስተምረው ነው የሚነጥቁን!» እሳቸው ግን «የምትከፍይውን ማወቅ አለብሽ» ብለው ከመጀመሪያው ይጀምሩላታል።

ሌላም ነገር ነበረ፤ ማንም አላነሳውም እንጂ ሁሉም ያየው ይመስለኛል። ዕቃ ሲገምቱ አንድ ዓይናቸውን መጨፈን ተዉ። አንገታቸው እንደ ድሮው ዘንበል ይላል፤ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የሚያዩት። ዋጋው ግን አልቀነሰም።

እትዬ ሙሉ ዳንቴሉን ሊቀጥሉ ሞከሩ። ክሩ እያመለጠባቸው ተዉት። የመጨረሻውን፣ አንድ ጠርዙ ጠመም ያለውን፣ ለእኔ ሰጡኝ። «አትፍታው፣ እንዲያው ይሁን» አሉኝ። አሁንም ቴሌቪዥኔ ላይ ነው። ስለዚያ ትኬት ቢሮ ግን አንድ ቀን እንኳ ሲያነሱ አልሰማሁም። ጋሼም አላነሱም። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ ጋሼ ሁልጊዜ ከእትዬ ሙሉ በስተቀኝ ነበር የሚቀመጡት፤ በማያዩበት በኩል። መጀመሪያ ከእፍረት ነው እል ነበር። በኋላ ሳይ፣ በዚያ በኩል ሰው ወይም በሬ ሲመጣ የሚነግሯቸው እሳቸው ነበሩ።

ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ገቡ። እዚያው አረፉ። የምቀበረው ጎንደር አጠገብ በተወለድኩበት ነው ብለው ስለነበር፣ ነጋዴው በደወለልኝ ማግስት ከቤተሰቡ ጋር ወደ አየር ማረፊያው የጭነት ቢሮ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያቅፉኝ በግራ ዓይናቸው እንጂ በቀኛቸው አላለቀሱም። ክፍያውን የያዘው የጋሼ ታናሽ ወንድም ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አስከሬኑ የሚሄድበትንና ሸኚዎቹ የሚሳፈሩበትን ዋጋ ነገረው። ሰውየው አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል ሲያደርግ ሳይ ልቤ ሸተተው።

«ዘርዝርልኝ» አለ።

ሠራተኛው ዘረዘረ። የጭነቱ ይሄን ያህል፣ የአገልግሎት ይሄን ያህል፣ የታክስ ይሄን ያህል።

«ሬሳ የምን አገልግሎት ይጠቀማል? ገብቶ ሻይ ይጠጣል?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ጋሼ? ከላይ የመጣ ነው።»

«እሱም ወደዚያው እየሄደ ነው። ይጠይቅልን!»

ሸኚዎቹ ለቅሶ ላይ ሆነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጋሼ ይርጋ ራሳቸው የተናገሩት ነበር የመሰለኝ። ወንድምየው ሳቁ አበርትቶት ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈና «እሺ፣ መመሪያውን አምጣው» አለ። ሠራተኛው ሰዓቱን አይቶ «ጭነት ሊዘጋ ነው፤ ዛሬ ካልሄደ ነገ ነው» አለው።

እትዬ ሙሉ ከተቀመጡበት ተነሱ። በማያዩበት በኩል ያለውን አግዳሚ በእጃቸው እየዳሰሱ እስከ መስኮቱ ድረስ መጡ።

«ክፈል» አሉት።

«እትዬ፣ ነገሩ እኮ የብር...»

«ክፈል አልኩህ! ወንድምህ ሲከራከር አንደኛዋ ሄዳለች። የቀረችኝን ለእሱ ማልቀሻ እፈልጋታለሁ።»

ወንድምየው ከፈለ። ደረሰኙን ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው።